ቀብድ የሌለው ቀጠሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሙሉ ቀን የፓስፖርት ፎቶ። አንዱ ሰውዬ "ትንሽ ቀጠን አድርገህ አንሳኝ" አለኝ። በጎን ባነሳው ቀጭን ይወጣ ነበር... ግን ጆሮ ብቻ ይዞ ድንበር የሚሻገር ማን አለ?

ከታች ያለው የጥርስ ሐኪም ዛሬ ገበያ ደርቶለታል። እኔ ላይ ሆኜ "ፈገግ በሉ" እላለሁ፣ ከታች "ወይኔ ወይኔ" ይሰማል። ፈገግ ያለ ደንበኛ የለም።

አመሻሽ ላይ ግን ስልክ ተደወለ። የፒጃማ ፋብሪካ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ለራሴ እመቤት ፒጃማ ብያቸዋለሁ። አዲስ ካታሎግ ሊያሳትሙ ነው። አልጋ ያለበት፣ ትራስ ያለበት፣ ሞዴል ያለበት ሥራ። "ለዓርብ ይደርሳል?" "ይደርሳል እትዬ።" ይሄ ከተሳካ ስቱዲዮዬ ስቱዲዮ ተባለ ማለት ነው። ካልተሳካ ዕድሜ ልኬን የሰው ጆሮ ሳስተካክል ልኖር ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አልጋ ተከራየሁ። ቀብድ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ አለቀ።

ከዚያ ሞዴል ፍለጋ። ታላቅ እህቴ (ሜካፕ የምትሠራልኝ እሷ ናት) አንዲት ልጅ ጠቆመችኝ። ስልኬ ላይ "አንገቷ" ብዬ መዘገብኳት። ፎቶዋን ያየ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ደወልኩ። በዋጋ ተስማማን፣ በሰዓት ተስማማን...

"ቀብዱን ዛሬ ትልካለህ?" አለች።

"የምን ቀብድ?"

"ቀኑን የምይዝልህ። ሲሶው አሁን፣ የቀረው ሥራው ሲያልቅ።"

"እኔ እኮ ቃሌን የማከብር ሰው ነኝ።"

"አልተጠራጠርኩም። ግን ቃልህን ይዤ አውቶቡስ ብሳፈር ቲኬት ቆራጩ ያወርደኛል።"

ሳቅኩ። ግን ከነከነኝ። ለማላውቃት ልጅ፣ ገና ላልሠራችው ሥራ? "እንተማመን" አልኳት። "እሺ... ሌላ ካልመጣ" አለች። እኔ የያዝኩት "እሺ" የምትለዋን ነው።

እህቴ ስትሰማ "ክፈላት" አለች።

"ብትጠፋስ?"

"አንተ ብትጠፋስ?"

እኔ የት እጠፋለሁ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ጉድ ሆኜ ነበር። ቆይ በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት አልጋው መጣ። ደረጃው ላይ፣ ልክ ጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ። በሽተኞቹ ጉንጫቸውን ይዘው በአልጋው ላይ እየተንጠላጠሉ ገቡ። አንዲት ሴት መሃል ላይ ስትደርስ ደክሟት ቁጭ አለች። ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ወጥቶ አብሮን ገፋ።

እንደምንም አስገባነው። እመቤት ፒጃማ ደረሱ። እህቴ ብሩሾቿን ደረደረች። አንገቷ የለችም።

ደወልኩ። "ትናንት ቀብድ የከፈለ መጣ" አለች። "መልእክት ልኬልሃለሁ፣ አላየኸውም?" አየሁ። ልካለች። አልጋ ስገፋ ነው የመጣው። "ምንድን ነው የምትሠሪው?" አልኳት። የጫማ ማስታወቂያ። በዚያ አንገት... ጫማ።

እመቤት ፒጃማ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። እህቴ "አንተው ልበሰው" አለችኝ። ለበስኩት። እመቤት ፒጃማ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ልጄ፣ ይሄን ያየ ሰው ፒጃማ ሳይሆን መድኃኒት ነው የሚገዛልህ" አሉ።

"አየር ልውሰድ" ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ላለቅስ ነበር። ደረጃው ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ከጥርስ ሐኪሙ ወጡ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለባቸው። ማደንዘዣው ገና አልለቀቃቸውም። አንድ ጉንጫቸው ወርዷል፣ ዓይናቸው ግማሽ ነው... እንቅልፍ ራሱ ሰው ሆኖ ደረጃ የሚወርድ ይመስላሉ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ... ለትንሽ ጊዜ እኔ ጋ አልጋ ላይ ይተኛሉ?"

ቆመው አዩኝ። ፒጃማ ለብሻለሁ እኮ። ያውም የሴት።

ካሜራውን፣ ካታሎጉን፣ ክፍያውን በየተራ አስረዳሁ። አሰቡና "አፎ" አሉ። አዎ ማለታቸው ነው። አፋቸው አልታዘዝ ብሎ ነው።

የወንዱን ፒጃማ ለብሰው ተኙ። ከምራቸው ተኙ። እንደዚያ ያለ ሰላም ያለው ፊት በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም። ትንሽ ለሀጭ ትራሱ ላይ ወረደ። "ልጥረገው?" ብዬ ጠየቅኩ። እመቤት ፒጃማ በሹክሹክታ "ተወው፣ እንዳትቀሰቅሰው" አሉ። ራሳቸው ብርድ ልብስ ደረቡላቸው።

ሲነቁ ከፈልኳቸው። የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። ገንዘቡን ተቀብለው "አፈፈግናለሁ" ብለው ወረዱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ካታሎጉ ተወደደ። ሰው "የዚያን የሚተኛ ሰውዬ ፒጃማ" እያለ ነው አሉ የሚገዛው። አሁን ደግሞ እመቤት ፒጃማ የብርድ ልብስ ፎቶ ፈለጉ። "ያው ሰውዬ፣ ከአንዲት ሴት ጋር። ሐሙስ።"

ለአስተማሪው ደወልኩ። አፋቸው ተመልሷል።

"ቀብዱ ስንት ነው?" አሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎም?"

"ልጄ፣ እኔ ያለ ቀብድ ሰው መሪ አላስነካም። የሐሙስ ተማሪዎቼን ልሰርዝልህ አይደል እንዴ?"

ላክሁ። ምን አማራጭ አለኝ? ሌላ እንዲህ የሚተኛ ሰው ከየት አመጣለሁ? ለአንገቷ ግን አልደወልኩም። ኩራቴ አለ። እህቴን "አንቺ ተኚልኝ" አልኳት። "ለመተኛት ችግር የለብኝም" አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሥራው ቀረ። ብርድ ልብሱ ሲታጠብ ቀለሙ ለቆ የእመቤት ፒጃማን ነጭ ድመት ሮዝ አድርጓታል። ለሚቀጥለው ሐሙስ ተላለፈ።

ለአስተማሪው ነገርኳቸው። ቀብዱ እንዴት እንደሚሆን በዘዴ፣ ዙሪያውን እየዞርኩ ጠየቅኩ።

"ተማሪዎቼን እኮ ሸኝቻለሁ" አሉ። "ነገ ማንን ላስነዳ? ሚስቴን? እሷ ከእኔ የተሻለ ትነዳለች።"

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ቀናቸውን ይዘውልኝ ነበር። አልጋ አከራዩም የአልጋውን ቀን ይዞልኝ ነበር። እሱ ቀብድ ሲለኝ ዓይኔን እንኳ አላሸሁም። ለእንጨት ሳላንገራግር ከፍዬ አንገት ካለው ሰው ጋር ግን... "እንተማመን"። ሆ።

እኔስ ከእመቤት ፒጃማ ምን ይዣለሁ? የድመት ወሬ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ቀብድ ልጠይቃቸው ቆረጥኩ። መጀመሪያ ከእህቴ ጋር ልምምድ። እሷ እመቤት ፒጃማን ሆነች።

"እትዬ፣ ቀኑን ለመያዝ ትንሽ ቀብድ..."

"ቀብድ? እኔን ነው?"

"ኧረ ይቅርታ፣ ይተዉት" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ስልክ አልያዝኩም ነበር። እህቴ ሶፋው ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ የምሩን ደወልኩ። በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አልኩት። ድመቷ ከወዲያ ስትጮህ ይሰማኛል።

"ስንት?" አሉ።

ነገርኳቸው።

"የሒሳብ ቁጥርህን ላክልኝ። አታሚው ይጠይቀኛል፣ ጨርቅ አቅራቢው ይጠይቀኛል... አንተ ዝም ስትለኝ ሥራ ፈት መስለኸኝ ነበር።"

ሥራ ፈት እኮ ነበርኩ። አላልኳቸውም።

ገንዘቡ እንደገባ የክፍያዋን ሲሶ ቀጥታ ለአንገቷ ላክሁ። እህቴ "በመጨረሻ" ብላ ቅንድቧን መኳል ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ደወለች።

"ተሳስተህ ገንዘብ ላክህብኝ።"

"አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት የዚያን ዕለት ነው። ሐሙስ የብርድ ልብስ ሥራ አለ።"

ስትስቅ ሰማኋት።

"ሐሙስ ስንት ሰዓት?"

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ስቱዲዮውን ልከፍት ስመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አንገቷ ከፎቶው ይረዝማል። ስስቅ አየችኝና "ምነው?" አለች። "ምንም።"

ችግሩ አስተማሪው ሆኑ። ማደንዘዣ የለም። አልጋው ላይ ጋደም ብለው ጣሪያውን መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው አፍጥጠው ያያሉ።

"ጋሼ፣ ይተኙ።"

"በሥራ ሰዓት ተኝቼ አላውቅም።"

እመቤት ፒጃማ ተጨነቁ። ታች ወርጄ ሐኪሙን አንድ መርፌ ልለምነው ተነስቼ ነበር... ተነስቼ ነበር እንጂ አልለመንኩም፣ ይጻፍልኝ። አንገቷ ናት ያዳነችን። ከጎናቸው ሆና "ጋሼ፣ አደባባይ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?" አለቻቸው።

ማስረዳት ጀመሩ። ከግራ የሚመጣው፣ ከቀኝ የሚመጣው፣ ገብቶ የቆየው፣ አምቡላንስ ከሆነ... ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ... አምቡላንሱ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እህቴም ወንበር ላይ አንቀላፋች። እኔ ራሴ ካሜራውን ተደግፌ ነው የጨረስኩት።

ቀሪ ክፍያዋን ሰጠኋት። ቦርሳዋን አነሳች። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው?

"እሁድ... ሥራ አይደለም... ማለቴ ምሳ..."

"ቀኑን ልያዝልህ?"

"አዎ።"

እጇን ዘረጋች። "ቀብድ።"

ደረጃውን በሁለት በሁለት ወርጄ ከጥጉ ሱቅ አይስክሬም ገዝቼ መጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ኮኖውን ሳይቀር አጣጣመችው። ጣቷን ላሰችና "በቃ፣ ተይዟል" ብላ ሄደች።

እሁድ፣ ኅዳር 29

ቀብዴን በልታ ነበር። መጣች።