በምሳ ሰዓት የተቀረቀረ በር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ አንቺም ልጆችሽም ካላችሁበት ይድረሳችሁ። እንዴት ከረማችሁ? ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ? የባለቤትሽ ሥራስ እንዴት ነው? እኛ አላህ ይመስገን አለን። እግሩን የተሰበረው ባሌ ምቢሳን በምርኩዝ መቆም ጀምሯል፣ እርሻ ግን ገና አይወጣም። ደብዳቤ መጻፌ ስልኩን ለሩዝ ስለሸጥነው ነው። ፊደሌ ቢጣመም እዘኚልኝ እንጂ አትሳቂብኝ።

የመንደራችንን ገበያ ብታዪው አታውቂውም። ስባሪው ሩዝ ከአምናው እጥፍ ሆኗል። ባለሱቁ ጄጋን ድሮ በቲማቲም ጣሳ ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ምርቃት ይጨምርልን ነበር። አሁን የጣሳውን አፍ በእንጨት ይጠርገዋል። ሴቶቹ ሲጮሁበት፣ ምን ላርጋችሁ፣ ዋጋውን እኔ አልወለድኩትም፣ አድጎ ነው የመጣብኝ ይላል። እንስቃለን፣ ከሳቅን በኋላ ግማሽ ጣሳ ገዝተን እንሄዳለን። በመኸር ለነጋዴ በርካሽ የሸጥነውን የገዛ ማሽላችንን ዛሬ በውድ መልሰን እንገዛዋለን። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

እህቴ፣ ነገር ላዞርብሽ አልፈልግም። ያለፈው ሐሙስ በርሽ ላይ ነበርኩ።

ልጄን፣ ሞክሼሽን፣ ይዣት ነው የመጣሁት። ተወልዳ ስምሽን ስናወጣላት አቅፈሻት፣ እናቷ ብትደክም እኔ አለሁላት ብለሽ ነበር። ደከምኩ። ልሰጥሽ ነው የመጣሁት። ሆን ብዬ ምሳ ሰዓት ላይ ለመድረስ ነው የተነሳሁት፤ ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ ሲበላ መለመን አይከብድም። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰውዬ የዘር ስሜ ጆፕ መሆኑን ሲሰማ፣ እሱ ንጃይ ኖሯል፣ እናንተ ሆዳም ጆፖች ናችሁ ሩዙን ጨርሳችሁ ያስወደዳችሁብን ብሎ ተሳፋሪውን በሳቅ ገደለው። እንደ ጆፕና ንጃይ የቀልድ ወጋችን ከዚያ የባሰ ስድብ መመለስ ነበረብኝ። ሰውዬው ፊቴን አይቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ንጃይ ጆፕን ይቅርታ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

በርሽ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። በምሳ ሰዓት። በአባታችን ቤት በዚያ ሰዓት እንኳን በር ሊዘጋ መጋረጃም አይወርድም፤ አላፊ አግዳሚው ኑ፣ ብሉ ይባል ነበር። አንኳኳሁ። የማንኪያዎቹ ድምፅ ቆመ። አንዱ ልጅሽ ሰው መጣ ሲል፣ አንቺ ዝም በል፣ ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ ስትዪው ሰማሁ።

ስሜን መጥራት እችል ነበር። ፈራሁ። ስሜን ሰምተሽ ባትከፍቺልኝስ? ያኔ እህት የለኝም ማለት ነው። ስሜን ሳልጠራ ከሄድኩ ግን የዘጋችው ለማታውቀው ሰው ነው እያልኩ መኖር እችላለሁ።

ሞክሼሽ ሌላ ነገር ነው የመሰላት። በምሳ ሰዓት በር ተዘግቶ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ባለፈው ወር እኛ ቤት፣ የትንሹ ወንድሟ አስከሬን ሲታጠብ። ስልኩ ያኔ ተሽጦ ስለነበር ላንቺ ማን ይንገርሽ። እሷ ለቅሶ ከመጡት ሰዎች አፍ የሰማችውን ይዛ ኖሯል። ከንፈሯን ከበርሽ ስንጥቅ ላይ አድርጋ፣ የሞተባችሁን አላህ ይማርላችሁ፣ ለእናንተም ብርታቱን ይስጣችሁ አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። እጇን ይዤ ሄድኩ።

አልፈርድብሽም። እናንተም የምትገዙት ያንኑ ሩዝ ነው፣ ያንቺም ልጆች ልጆች ናቸው። አዝኛለሁ ግን፣ አልዋሽሽም፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።

መናኸሪያው ውስጥ ያንዴ የምትባል ሴት ምግብ ትሸጣለች። ሞክሼሽ ድስቱ ላይ ፈዛ ስትቀር አይታ አንድ ጭልፋ ሰጠቻት። ስትበላ ቆማ አየቻትና፣ ሳህን የምታጥብልኝ ልጅ ነበር የምፈልገው፣ ደሞዝ የለኝም፣ ግን ጦሟን አታድርም አለችኝ። ይህን ስትል የምታየው የልጅቷን ክንድ እንጂ ፊቷን አልነበረም። ትቻት ተመለስኩ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ድስቱ እሷን ያክላል። ያንዴ ክፉ ትሁን ደግ አላውቅም። ቤት ስደርስ ምቢሳን ጠየቀኝ። አክስቷ ጋ ናት፣ በደስታ ተቀበለቻት አልኩት። አንቺን እየመረቀ ነው የተኛው። እግሩ ሲጠና ሊያመሰግንሽ ይመጣል፤ ምን እንደምትዪው እኔ ልነግርሽ አልችልም።

ሞክሼሽ ስንለያይ አላለቀሰችም። አክስቴ ቤት ለቅሶ ስላለ ነው፣ ሲያበቃ መጥታ ትወስደኛለች፣ አንቺ አታልቅሺ እያለች እኔን አጽናናችኝ። አዎ አልኳት። ያንዴ የምትሸጠው ወደ ካፍሪን ከተማ የሚሄዱት አውቶቡሶች ከሚቆሙበት አጠገብ ነው፣ ከቤትሽ በእግር ይደረሳል። ስሟን ለሚጠይቃት ሁሉ የምትናገረው ስምሽን ነው። ለቅሶው መቼ እንደሚያበቃ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ልጆችሽን አላህ ያሳድግልሽ። ወገብሽን ይማርልሽ። ጓዳሽን ይሙላው፣ በርሽን የሚያስከፍት ሲሳይም ይስጥሽ።

በአንድ ትሪ በልተን ያደግን፣
ታናሽ እህትሽ