በመጽሐፋቸው ላይ ስማቸውን ያልጻፉት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን በጥቅምት ወር 1941 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ስድስተኛ ልጅ ነበሩ። አያታቸው «በቃ፣ ቤቱ ሞላ» ብለው ቢያውጁም ከእሳቸው በኋላ ሁለት ወንድሞች ተጨምረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤታቸው ማዶ ባለው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በዝምታ ግን ወዳቂ ነበሩ። ይህን የምንለው እኛ አይደለንም፤ የክፍል ኃላፊያቸው ናቸው።

በ1961 ዓ.ም. በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ አገልግለዋል። የሥራው ሕግ ሰውን ከሰው አገናኝቶ ከመስመሩ መውጣት ነው፤ እናታችንም ሕጉን እንደ ሃይማኖት ያዙት። በር ሲንኳኳ ሁሉ «ሃሎ!» ስለሚሉ ሰፈሩ «እትዬ ሃሎ» ብሎ ስም አወጣላቸው።

በ1966 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። አባታችን የተዋወቋቸው የማዞሪያ ቤቱን አምፖል ሊቀይሩ ገብተው ነው። ያቺ አምፖል በዚያ ሰሞን ደጋግማ ትቃጠል ነበር ይባላል።

እናታችን ሆስፒታል እኔን ሲወልዱ አጠገባቸው ባለው አልጋ ላይ አንዲት መምህርት ነበሩ። የመምህርቷ ሕፃን ክፉኛ ታሞ ስለነበር ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸለዩለት። ሕፃኑ ዳነ፤ ዛሬ የእናታችንን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነው። መምህርቷ ወደ ሩቅ ከተማ ሲዛወሩ ደብዳቤው ተጀመረ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ጆሯቸው ላይ ተለጥፎ የሚውሉት እናታችን ለነፍሳቸው ጉዳይ ስልክ አይነኩም ነበር። «የነፍስ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፤ ስልክ ያስቸኩላል» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ «ስጸልይ ምድጃ ላይ የጣድኩት ድስት ትዝ እያለኝ ተቸገርኩ» ብለው ቢጽፉ «ድስቱንም ይዘሽ ቅረቢ» የሚል መልስ መጣላቸው።

ጡረታ ሲወጡ መጽሐፍ ልጽፍ ነው አሉ። አባታችን «ማን ሊያነበው?» አሉ። መምህርቷ ግን ከዓመታት በፊት «ጓዳችን አደባባይ አይሰጣም» ብለው ስለነበር እናታችን ከደብዳቤዎቹ አንዲት መስመር አልወሰዱም። ከልባቸው ሁለት ሴቶችን ፈጥረው፣ አንዷን ዳቦ ጋጋሪ አንዷን አስታማሚ አድርገው፣ ስለ ጸሎት ደብዳቤ አጻጻፏቸው። አንድ አሳታሚ «የሁለት አሮጊቶች ሹክሹክታ ገበያ የለውም» ሲላቸው «ገበያው አሮጊት ጠፋበት?» ብለው ወጡና በራሳቸው ወጪ ማተሚያ ቤት አስገቡት። የማረሚያ ወረቀቱን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግተው፣ እኛን በግድግዳ ጥግ እያስኬዱ፣ ራሳቸው አረሙት። የማተሚያ ቤቱ ሰው የደራሲው ስም ተረስቷል ብሎ ቢደውል «አልተረሳም፤ አገናኝ ስም የለውም» አሉት። መጽሐፉም ያለ ስም ወጣ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለመምህርቷ ላኩ። መልስ ጠፋ። እናታችን በየጠዋቱ ፖስታ ቤት እየተመላለሱ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ጀመር። እኛ «ትንሽ ዝም ቢሉ» እያልን የምንቀልድባቸው ሰው ዝም አሉ፤ ቤቱ ጭር አለ። «ለመጽሐፍ ብዬ እህቴን አጣሁ» ሲሉ አባታችን ያልተበላሸ ሶኬት ይፈቱ ነበር።

አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። መምህርቷ ሻንጣቸውን ይዘው ከአውቶቡስ በቀጥታ መጥተው ኖሯል። መጽሐፉን አወጡት፤ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። «ይሄን ሁሉ ሳርም ነው የቆየሁት። መጽሐፍሽ ውስጥ ጋጋሪዋ ጓደኛዋን ቶሎ ነው ይቅር ያለችው፤ እኔ እንደዛ ቀላል ሰው አይደለሁም» አሉ። ከዚያ ሽፋኑን አዞሩት። በቀይ ቀለም «እትዬ ሃሎ» ተብሎ ተጽፎበታል። «ሰውን አገናኝቶ መውጣት ለምዶብሻል። ከኔ መስመር ግን አትወጪም!» አሏቸው። እናታችን አለቀሱ፤ ሲያለቅሱም ሳቁ።

ያን ሳምንት ቤት የተከመሩት የመጽሐፉ ካርቶኖች ሁሉ ተከፈቱ። መምህርቷ በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የእናታችንን ስም፣ እናታችን ደግሞ ከሥሩ «ከእህቷ ጋር» የሚለውን በእጃቸው ጻፉ። «ማን ሊያነበው?» ያሉት አባታችን በየሥራ ቦታቸው መሰላል ላይ ቆመው ሸጡት። መጽሐፉ አልቆ እንደገና ታተመ። እናታችንን እንደዚያ ሲደሰቱ አይተናቸው አናውቅም።

እናታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸው፣ እንዲሁም እናታችን «ከእህቶቼ ተራ አስገቢያት» ብለው ያዘዙኝ መምህርቷ በሕይወት አሉ። መምህርቷ ይህን ጽሑፍ ትናንት አንብበው አንድ ቃል ብቻ ሰረዙብኝ፤ «ተለዩን» የሚለውን።

የወደዱት አምላክ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን፤ ለሁላችንም እንደ እነሱ ያለ እህትማማችነት ያድለን። አሜን።