የአስካለ ቆጣሪና የእኔ ስቶቭ

ማክሰኞ

ስቶቩን ልታስነቅለኝ ነው! ጎረቤቴ አስካለ የመብራት ቢሉን አፍንጫዬ ሥር ዘርግታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ግማሹን ክፈይ፤ አለዚያ መስመርሽን እቆርጠዋለሁ» አለችኝ። ቆጣሪው የሷ ነው፤ እኔ መስመር ከሷ ቀጥዬ እስካሁን በአምፖል ቁጥር ነበር የምከፍላት። ለቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ የማበስለው በዚህ ስቶቭ ነው። ወደ ከሰል ብመለስ ደረቴ አይችለውም። ባለቆጣሪ መሆን ንጉሥ መሆን ነው ለካ።

ረቡዕ

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በማታ ትምህርት ነው። ወንድሜ «አሁን ተምረሽ ጸሐፊ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። ዛሬ ስቶቩን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ፤ አንድ ሺህ ዋት። መምህሬ «እማማ፣ ዋቱን በሰዓቱ ያባዙት፣ ከዚያ ለሺህ ያካፍሉት፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው እሱን ነው» አለችኝ። በቀን ሁለት ሰዓት ነው የማበስለው። በወር ስልሳ። ደግሜ አባዛሁት፤ አሁንም ስልሳ! ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ

አስካለ ቤት ሄጄ የሷንም ደመርን። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ። ካውያውን ልትደብቀኝ ነበር፤ አየሁት። የሷም ከኔ አይበልጥም። ቢሉ ግን የተቆጠረው ከሁለት መቶ በላይ ነው ይላል። የቀረው የት ገባ?

«ስቶቭሽ ይዋሻል።»

«ስቶቭ ምላስ የለውም፤ ምላስ ያለሽ አንቺ ነሽ» አልኳት።

ዓርብ

በሁለታችንም ቤት ያለውን ሁሉ አጠፋን። ቆጣሪው ውስጥ ያለችው ክብ ቆርቆሮ ግን ትዞራለች። አስካለ አማተበች። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩት፤ አጥር ዘሎ ጎረቤታችን ከድር ሱቅ ገባ። ያኔ ትዝ አለኝ። የአስካለ አማት ለቅሶ ጊዜ ለድንኳኑ አምፖል የዘረጋነው መስመር ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ሽቦውን ያስታወሰ የለም። አሁን የከድር ፍሪጅ ተሰክቶበታል።

«እትዬ አስካለ፣ ለለቀስተኛው ውሃ አቀዝቅዝ ብለው ራስዎ አይደሉ ያሰኩኝ?» አለ ከድር። «ንቀል ያለኝ ሰው የለ። ውለታ መስሎኝ በየቀኑ ስመርቅዎት ነበር።»

«ለዚህ ነዋ ቢሉ የተባረከው!» አልኩ። አስካለ ሳቋ አመለጣት።

ቅዳሜ

ከድር የፍሪጁን ሊከፍል ተስማማ። በአምፖል ቁጥር መክፈል ቀረ፤ ከእንግዲህ በኔ ስሌት ነው። ስቶቩም አይነቀልም። አስካለ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ሽንኩርት ልትልጥልኝ መጣች። ለሷ ይህም ብዙ ነው።

ምስሩ ገና ሳይፈላ መብራት ድርግም አለ።

«እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች።

ወጣሁ። የከድር ሬዲዮ ጸጥ ብሏል፤ ወፍጮ ቤቱም ቆሟል። ምሳው ይድረስ አይድረስ እንጃ። ግን የሄደው የሰፈሩ ሁሉ መብራት ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።