ኡኬ የሰጠችኝ ምርቃት

ሰኞ
ከምርጫው ውድድር ለቀቅኩ። ድምፃችን ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ፊታውራሪው እንደ ልማዱ ምክር ቤት እንዳይመለስ፣ የዲጋው አቶ ዋቅጅራ ብቻቸውን ይወዳደሩ ብለን እኔና እንደኔው ተወዳዳሪ የነበረው ባለሱቁ ሸምሱ ተስማማን። የምርጫ ምልክታቸው ጃንጥላ ነው። የእኔ ፋኖስ ግን ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የተመዘገበ አይሰረዝም ተባልን። ስለዚህ ሁላችንም ወገናችንን እናስረዳለን። የእኔ ድርሻ የትውልድ መንደሬ ኡኬ ናት።

ሸምሱ፣ «መምህር፣ አቶ ዋቅጅራን ይዘሃቸው ሂድ» አለኝ። ብቻዬን እበቃለሁ አልኩት።

ማክሰኞ
ኡኬ። ዝናብ፣ ጭቃ። ባለፈው ወር እርጥብ ሣር ይዘው ለምርጫው የመረቁኝ ሽማግሌዎች አጎቴ ቤት ተሰብስበው ጠበቁኝ። ፋኖስን ትታችሁ ጃንጥላን ምረጡ አልኳቸው። የተቃወመ የለም። አጎቴ፣ «ሰምተናል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለክብር እንግዳ የሚጋገረው ቂጣ፣ ጩምቦ፣ በቅቤ ርሶ ቀረበልኝ። አሁንም እንደ ተመራጭ አስተናገዱኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አቶ ዋቅጅራን ያላመጣሁት ለዚህ ነው። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ረቡዕ
ዲጋ ጃንጥላ ብላለች። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ ገበያ ለገበያ ይዞራል። የፊታውራሪው ሰው ግን ትምህርት ቤት መጥቶ ለዲሬክተሩ፣ «መምህሩ ሩቅ አገር ማስተማር ሳይወድ አይቀርም» ብሎት ሄደ። ከተሸነፍን ከዚህ ያስነሳኛል።

ሐሙስ
ምርጫው ተካሄደ። የኡኬ ሰው ዝናብ እየደበደበው ተሰልፎ መረጠ። ኮራሁባቸው።

ቅዳሜ
ፊታውራሪው አሸነፈ። በትንሽ ነው። ኡኬ አንድ ሰው ሳይቀር ፋኖስን መርጣለች። ያ ሁሉ ድምፅ ለጃንጥላ ቢሆን ኖሮ አሸናፊዎቹ እኛ ነበርን። ሸምሱ አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ
ኡኬ ሄጄ አጎቴ ላይ ጮህኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«በመረቅንህ አፍ እንዴት እንካድህ? ሰውዬውን አምጥተህ አጠገብህ ብታስቀምጠው እሱንም እንመርቀው ነበር። ብቻህን መጣህ።»



ሰኞ
የዝውውር ደብዳቤዬ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከመሄዴ በፊት፣ ትናንት ለአጎቴ እንደነገርኳቸው፣ ዲጋ ወርጄ አቶ ዋቅጅራን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አጎቴ አብሬህ ካልሄድኩ ብለው በጠዋት ከኡኬ መጥተዋል። እርጥብ ሣር ቆርጠው ይዘዋል። ምርጫው ካለፈ በኋላ አቶ ዋቅጅራን ለምን እንደሚመርቋቸው አልጠየቅኩም።