በስሜ የተሳሉልኝ ስለት

ሐረር፣ ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ ሀብተወልድ፣ የነዳያን መጠለያ ማኅበር ሰብሳቢ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ድምፅዎ፣ ይልቁንም የሰው ጓዳ አይቶ የማይደክመው ዓይንዎ ደኅና ነው? እኔ በሸዋ በር ጥግ ተቀምጬ አቤቱታ በመጻፍ የማድር አባይነህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፍርሃት በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሩ ላይ የለጠፍሁት፣ ስለ እኔ የተናገሩት በአደባባይ ስለሆነ መልሱም ከአደባባይ እንዳይጎድል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ በጥቅምት እናት የሌላት የስድስት ዓመት ልጄ ሰገነት በንዳድ ወድቃ ሳለ ሊጠይቁን መጥተው አልጋዋ አጠገብ ስላለቀሱልን አመሰግናለሁ። በማግሥቱ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ቆመው፣ «ልጅቱ ከዳነች አባይነህ ላሙን ለነዳያን ይሰጣል ብዬ ለቁልቢው ገብርኤል በስሙ ተስያለሁ» ሲሉ፣ እኔ ከልጄ ራስጌ ስለነበርሁ የተሳልሁትን የሰማሁት ከሰው ነው።

ሁለተኛ፤ ልጅቱ ዳነች።

ሦስተኛ፤ ከበሽታው ወዲህ የሰገነት ሆድ ከዚያች ላም ወተት በቀር የሚቀበለው የለም። የሚተርፈውን በየማለዳው በቅል ለመጠለያዎ እንደምልክ ረስተውት አይመስለኝም፤ የሚያስለቅስ ነገር ስላልሆነ ሳይናገሩት ቀርተው ይሆናል።

አራተኛ፤ ባለፈው እሑድ፣ ነዳያን በብርድ ሲንቀጠቀጡ ወተት አፍልተው የሚጠጡ አሉ፣ ያልገባ ስለት ግን የሰጠውን መልሶ ይወስዳል ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ማክሰኞ ሰገነት ማሳል ጀመረች። ክቡርነትዎ፣ ከዚያች ሳል ወዲህ መቀለድ አቅቶኛል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሐዲያ፣ «ኒያው፣ ሐሳቡ፣ ካንተ ልብ ካልወጣ ነዝሩ እንዴት ያንተ ይሆናል? ወላሂ፣ አላህ በሰው አፍ ስለት አይቀበልም» ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን እፈራለሁ። ላሚቱን ሦስት ጊዜ ፈትቼ እስከ በሩ ነዳኋት፤ ልጄ ጠዋት የምትጠጣውን አስቤ ሦስት ጊዜ መለስኋት። ብሰጥ ወተት ታጣለች፣ ብተው ስለቱ ይይዛታል፤ በሁለቱም በኩል የምትጠየቀው እሷ ናት።

ስለዚህ ከላም ያነሰ ነገር እለምናለሁ። በመጪው እሑድ በዚያው ቦታ ቆመው፣ «የተሳልሁት እኔ ነኝ፣ እሱ የለበትም» ይበሉልኝ። ድምፅዎ እንደሆነ ከደጀ ሰላሙ እስከ ጀጎል ግንብ ይሰማል።

እንባዎ ሳይደርቅ፣ ቸርነትዎ ከሌላ ሰው በረት ሳይጎድል ያኑርልን እያልሁ፣ ከእግርዎ በታች እጅ የምነሣ

አባይነህ

የተረሳ ነገር፤ ውለታዎን እንዳልበላ እኔም በስምዎ ተስያለሁ። ሰገነት እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል በጤና ከደረሰች፣ ግራጫይቱን በቅሎዎን ለነዳያን ሰጥተው ቁልቢ ድረስ በእግርዎ ይሄዳሉ። ከትናንት ጀምሮ ሳሏ ጋብ ብሏል። ከእንግዲህ ልጄ ስትስል እኔ እፈራለሁ፤ ስትድን ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው።