ከገዳዮችሽ እጅ የምንወስደው መድኃኒት

ብርቄ፣ የልጄ እናት፤

ከተለየሽን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ከአማኑኤል ገበያ ስትመለሺ የጣልያን አውሮፕላን መንገድ ላይ ያገኘሽ ዕለት በቀሚስሽ ነው የለየሁሽ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ሰማይ ማየት አስጠልቶኛል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ አይደለም። ከጎረቤት አንዱ ሞቶ ቀድሞኝ ከሚነግርሽ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። በየጠዋቱ ልጃችንን ይዤ ገዳዮችሽ ደጅ እቆማለሁ።

ልጃችን የሺመቤት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውሃ ማብዛት ጀመረች። እንስራው ሞልቶ አይውልም ነበር። እየበላች ከሳች። ጎረቤት ተሰበሰበና ቡዳ በላት አለ። የእነዚህን ሰዎች እውቀት ታውቂዋለሽ፤ ላም ብትነጥፍም ቡዳ፣ ጠላ ቢበላሽም ቡዳ ነው። እኛስ ምን ተሻልን? እናትሽ እማሆይ ልጅቷ አቅም አነሳት ብለው ከቀፏቸው ማር እየቆረጡ ጠዋት ማታ ብርዝ በጠበጡላት። እኔ ደግሞ «ጠጪ ልጄ» እያልኩ ዋንጫውን ያዝኩላት። በጠጣች ቁጥር ይጠማታል፤ በጠማት ቁጥር ብርዝ እንሰጣታለን። ብራና ላይ አንዲት ነጥብ እንዳትሳሳት ትንፋሼን ውጬ የምጽፍ ሰው፣ ልጄን በማር ልገድላት ሦስት ሳምንት ደከምኩ።

ነገሩን ያስተዋሉት እማሆይ ናቸው። ጓሮ ልጅቷ የምትሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አዩና አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። በልጅነታቸው እንዲህ ሽንቱን ጉንዳን የወደደው ሰው ከስቶ ሲያልቅ አይተው ነበር። የብርዙን ማሰሮ እዚያው ደፍተው አለቀሱ። በማግስቱ ልጅቷ ራሷን ስትስት ተሸክሜያት ደብረ ማርቆስ ወዳለው የጣልያን ምሽግ ሮጥኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

ሐኪም ተብዬው ሽንቷን በብልቃጥ ይዞ ሰማያዊ ውሃ ጨመረበትና በእሳት አሞቀው። ሲቀላ ጊዜ አዲስ አገር እንዳገኘ ሰው ደረቱን ነፋ። የስኳር በሽታ ነው አለ በአስተርጓሚው፤ ጉንዳን ያለ መነጽርና ያለ ማዕረግ ያወቀውን ለማወቅ ይህን ሁሉ ጣጣ። ቀጠለና ይህ የሠለጠነ ሕዝብ በሽታ ነው፣ እናንተ ከየት አመጣችሁት ብሎ ሳቀ። አገራችን አልበቃው ብሎ በሽታችንም አማረው። ባንዳው አስተርጓሚም ሳቀ፤ የሳቀው ገብቶት አይመስለኝም፣ ጌታው ስለሳቀ ነው።

ልጅቷ በየቀኑ ካልተወጋች አትኖርም። መርፌው እንዲሰጣት ደግሞ እንደ ሶላቶ ወታደሮቻቸው እጅ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት አለ። ወንጌል የጻፍኩባትን ቀኝ እጄን እዘረጋለሁ፣ ብርቄ። በሆዴ ግን በግእዝም በአማርኛም እሰድባቸዋለሁ፤ የግእዙ ይበልጥ ያረካኛል።

ቤትሽም ተለውጧል። እማሆይ ቀፎዎቻቸውን ለደብሩ ሰጡ። ልጅቷ ብቻዋን እንዳትከለከል ማርም ጠጅም ከቤት ወጣ፤ ለፋሲካ ጠጅ ፈልጎ የመጣው ዘመድ ሁሉ ጠላ ቀምሶ ፊቱን አጥቁሮ ሄደ፣ በደህና ይግባ። ከተወጋች በኋላ ቶሎ ካልቀመሰች ስለምትንቀጠቀጥ እማሆይ በነጠላቸው ጫፍ ቂጣ ቋጥረው ምሽጉ በር ላይ ይጠብቁናል። የነፍስ አባታችንም ከጾም ፈቷት። እሷ ግን በጾም ጠዋት መብላት አሳፍሯት አልቅሳ ነበር። እማሆይ አጠገቧ ተቀምጠው ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ «ምን ታያለህ?» እያሉ አስበሏት። አሁን ሳትታዘዝ ትበላለች፣ መወፈርም ጀምራለች።

ሰው ግን ዝም አላለም። የሚስቱን ደም ረስቶ የነጭ ደጅ ይጠናል ይሉኛል። ከሚሉት ግማሹ ጨውና አቡጀዲ ፍለጋ እዚያው ደጅ የሚያገኙኝ ናቸው። እነሱን ንቄ አልፋለሁ። የከበደኝ ይህ ወሬ ምንጭ ወርዶ ልጅሽ ጆሮ መድረሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከምሽጉ ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ለቀቀችና ጠየቀችኝ።

«እማዬን የገደሏት እነዚህ ናቸው?»

መዋሸት ከጅሎኝ ነበር። ከእንግዲህ አልወጋም ብትለኝስ? አሥር ዓመቷ ነው፣ እልኳም ያንቺው ነው፤ በግድ አስይዤ የማስወጋት ልጅ አይደለችም። ቢሆንም በአንቺ ሞት ላይ መዋሸት አቃተኝና አዎ አልኳት። ቀድማኝ ሄደች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ዞር አለች።

«እንግዲያው አባዬ፣ መድኃኒታቸውን እንጨርስባቸው» አለችኝ።

መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያም አለቀስኩ። በማግስቱ ማንም ሳያዛት እጅጌዋን ሰብስባ ሐኪሙ ፊት ቆመች። ሥራውን ያዘገየ ሎሌ ይመስል ከላይ እስከ ታች አየችው። መርፌው ሲገባም ዓይኗን አልነቀለችም፤ እሱ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው።

አንቺንም ደምሽንም አልረሳሁም፣ በሕይወት እስካለሁም አልረሳም። ልጅሽ ግን ትኖራለች፣ ብርቄ። ነገም ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።

ባልሽ