«ቤት አፍራሾች» ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የቤተሰብ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ስልክ ለሚደውሉበት ጣትዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ያለኝ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ «ቤት አፍራሾች» ብለው ካከበሯቸው ሴቶች አንዷ ነኝ። ባል የሚደበድባቸውን ሴቶች በፀጉር ቤቴ ጓዳ ተቀብለን እናዳምጣለን፤ ሐኪም ቤትም ፍርድ ቤትም አብረናቸው እንሄዳለን። ይህ ጓዳ እንዲዘጋ ስላዘዙ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. ለልብስ ሰፊዋ ስላደረጉላት መስተንግዶ አመሰግናለሁ። መንጋጋዋ አብጦ ቢሮዎ ስትመጣ ወንበር ስበው «ልጄ፣ ትንሽ ቻይው» ብለው መከሯት፤ ምክሩ እንዳይበርድም እዚያው ፊቷ ለባሏ ደውለው «ሚስትህ እኔ ጋ ናት፣ መጥተህ ውሰዳት» አሉት። እሱም ሰው አክባሪ ነውና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶዎት፣ ግንባሯን ስሞ ወሰዳት። ቤት እንደገቡ ክንዷን ጠመዘዘው፤ ይህ በእርቁ ውስጥ ይካተት አይካተት እርስዎ ያውቃሉ።

፪. ደንበኛ ስላመጡልኝም እግዜር ይስጥልኝ። በማግስቱ እጇን ማንሳት አቅቷት ፀጉሯን ልትታጠብ እኔ ጋ መጣች። ውሃውን እያፈሰስኩ «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«በር መቶኝ ነው» አለች።

«በሩን አውቀዋለሁ» አልኳት፤ «የኔም ቤት እንደዚህ ያለ በር ነበረው። ፈታሁት።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አረፋው ፊቷ ላይ እስኪወርድ አለቀሰች። እንደሚጠረጥሩን ፍቺን አልሰበክኋትም፤ ምን እንደምትፈልግ ብቻ ጠየቅኋት። «ልጄንና የስፌት መኪናዬን» አለች።

፫. ባልየው ሥራ ላይ ነው ባልነው ሰዓት፣ በጓዳው ከምታግዘኝ ጡረታ የወጣች ነርስ ጋር ሆነን ወደ ቤቷ አብረናት ሄድን። ነርሷ ሕፃኗን አቅፋ፣ ልብስ ሰፊዋ በደህና እጇ እኔ በሁለቱም መኪናውን ይዘን ልንወጣ ስንል፣ ሰውየው ከተፍ አለና በሩ ላይ ተገተረ። የእርስዎን ቃል ከየት እንደተማረ እንጃ፣ «ቤት አፍራሾች!» ብሎ ጮኸ። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽዎትም፤ መኪናውን እንደያዝኩ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ይኼኔ ጓሮ ካለው ክፍል የገዛ እናቱ ወጡ። አለቀልን ብለን ስንጠብቅ፣ እሳቸው የመኪናውን ጫፍ ያዙና «አባትህን ችዬ ኖርኩ፤ ስችል አይተህ አደግህ። እሷ አትችልህም፤ ዞር በል!» አሉት።

ዞር አለ። እኔም እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፍርድ ቤቱ ባልየው አጠገቧ እንዳይደርስ አዘዘ። አሁን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። ካውያ ስታነሳ ክንዷን ያማታል። በዚያው ክንድ ግን ሌላዋን የተደበደበች ሴት ደግፋ ወደ ፍርድ ቤት የምትወስደው እሷ ናት።

፬. የእሷን ጉዳይ በስብሰባው ላይ «ጽሕፈት ቤታችን በእርቅ የፈታው» ብለው ስላቀረቡ ሳላመሰግን አላልፍም። ያኔ እሷም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ ክንዷ ገና በፋሻ ታስሮ ስለነበር አላጨበጨበችም፤ እንደ ንቀት አይዩባት።

ጓዳውን በተመለከተ፣ የምትመጣ ሴት ስትጠፋ ትእዛዝዎን በደስታ እፈጽማለሁ።

ወንበርዎ እንዲለሰልስልዎ፣ እንቅልፍዎም እንዳይረበሽ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ጎረቤትዎ ፀጉር ሠሪዋ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ከመሥሪያ ቤትዎ የሚወጡ ሴቶች አድራሻችንን ይዘው ይመጣሉ። ማን እንደሚሰጣቸው አልነግርዎትም፤ ከእርስዎ በቀር ሁሉም ነው ብል ግን ውሸት አይሆንብኝም።